«አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ»፦ ጉድለት ያለበት ያገለገለ መኪና እና የጂንካ ገዢ

ጂንካ ላይ መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ጂንካ ላይ አይገዛም። ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ከሆነ ከከተማው ሰው ወይም ከአርባ ምንጭ ያገኛል። ቅጥቅጥ አይሱዙ፣ ሚኒባስ ወይም ቱሪስት ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ የሚያደርስ ላንድክሩዘር ሲያስፈልገው ግን ብሩን ያሰባስብና ወደ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ካልሆነም እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። እዚያ ያያል፣ ያስነሳል፣ ሰፈሩን አንዴ ይዞራል፣ ይፈርማል፤ ከዚያ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ይመለሳል። መኪናው በትክክል የሚመረመረው በዚህ ጉዞ ላይ ነው። ከኮንሶ በኋላ መንገዱ ወደ ወይጦ ቆላ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ይፈተናል። ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር በዚያ ሙቀት ዳገቱን ሲያያዘው ደግሞ ተራው የራዲያተሩ፣ የቴስታታውና የጓርኒሲዮኑ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ በሃያ ደቂቃ ሙከራ ያልታየው ጉድለት እዚህ የሙቀት ጌጁን ወደ ቀዩ ይገፋዋል። ሻጩ ግን በዚያ ሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሌላ ደንበኛ እያነጋገረ ነው።

እንዲህ የደረሰበት ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ያገለገለ መኪና ነው፣ አንዴ ፈርመሃል፣ ቻለው» የሚል ነው። ሌላው «አጭበርብሮሃል፣ ፖሊስ ጋ ሂድ» ይለዋል። ሁለቱም አያዋጡም። የኢትዮጵያ ሕግ ለገዢ የሚሰጠው መብት ሰው ከሚገምተው ይበልጣል፤ ገዢው ራሱ የሚፈርመው ወረቀት ግን ያንኑ መብት ያዳክምበታል። የቀረውን ደግሞ ከፈረመ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ይህ ዳሰሳ ከገበያው ተነስቶ እዚያ ድረስ ይሄዳል።

ገበያው እንዲህ የከበደው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር እየከበደ የሚሄድ፣ ለአሮጌዎቹ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ሐሳቡ መሠረት ነበረው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ከ2015 እስከ 2018 ድረስ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም እንደተሸጡ ይናገራል፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው አፍሪካ ናት። ጎረቤታችን ኬንያ ችግሩን በዕድሜ ገድባ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን አታስገባም። እኛ በታክስ ጀመርን፣ ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ።

የሦስቱ ውጤት ሲደመር፣ አገር ውስጥ ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና አይተካም፣ እጅ ብቻ ይለዋውጣል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሞላው ኮሮላ በያመቱ እያረጀ በያመቱ ይወደዳል። ገዢው ላይ የደረሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል፤ ዋጋ ስለ መኪናው ጤና የሚናገረው ነገር ጠፋ። ድሮ «ረከሰ፤ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መጠርጠር ይቻል ነበር። አሁን የታመመውም ጤነኛውም ውድ ነው።

ሻጩ ማን እንደሆነ መለየት ከሁሉ ይቀድማል፤ ሕጉ በሻጩ ዓይነት ይለያያልና። አስመጪው ወይም መኪና መሸጫው ንግድ ፈቃድ አለው፣ ግቢ አለው፣ ነገ ተመልሰው ቢመጡ ይገኛል። ደላላ ያገናኘው የግል ባለቤት ግን ነጋዴ አይደለም፤ መኪናውን ሸጦ ገንዘቡን ቤት ላይ ያዋለ ሰው ሊሆን ይችላል። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከሥዕሉ ይወጣል፤ በውሉ ላይ ስሙ የለም፣ ቢኖርም ምስክር ሆኖ ነው። ሦስተኛው ጨረታ ነው። በደቡብ ኦሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የዕርዳታ ድርጅቶችና ትልልቅ ፕሮጀክቶች ብዙ መኪና አምጥተዋል፤ ሲያረጅ በሐራጅ ይወጣል። የጨረታው ማስታወቂያ «ባለበት ሁኔታ» የምትል ሐረግ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሷን አንብቦ የገባ ሰው በኋላ ስለ ሞተሩ ብዙ ሊያወራ አይችልም። ብዙው መኪና የሚሸጠው ግን በመካከለኛው መንገድ ነው፤ በደላላ አማካይነት፣ ከግል ባለቤት፣ አንዳንዴም ከባለቤቱ ሳይሆን ውክልና ከያዘ ሰው።

ወደ መኪናው ቀረብ እንበል። ልምድ ያለው መካኒክ ከገዢ ጋር ሲሄድ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ኮፋኖውን በእጁ መንካት ነው። ሞቆ ከጠበቀው ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ለምን? ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስ ወይም የሚያሰማውን ምት ለመሸፈን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃው «ነገ ጠዋት ሳታስነሱት እንመጣለን» ይላል። ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታል፤ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ከታየ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ሄዷል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውንም ያያል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ወፍራም ዘይት የተሞላ ሞተር ምቱም ጭሱም ለጥቂት ቀን ዝም ይላል። ዘይቱ የሚቀጥነው ሲሞቅ ነው፤ ሙቀቱም ያለው ወይጦ ነው።

ከዚያ ማግኔት አውጥቶ ላሜራውን ይዳስሳል፤ የማይስብበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው፣ መኪናው አንድ ቀን ተጋጭቶ ባትላሜራ ቤት ቆይቷል። ጎማውንም ያነባል፤ በጎማው ጎን ከታተሙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፣ «2319» ያለው እ.ኤ.አ. በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ኪሎ ሜትሩ 90 ሺህ የሚል መኪና የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ካበራ፣ መሪው በእጅ ብዛት ከለሰለሰና የሾፌሩ መቀመጫ ከሰረጎደ፣ ዳሽቦርዱ ዋሽቷል። ኪሎ ሜትር መመለስ በዲጂታል ጌጅ ዘመን የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል። ጉዳቱ ደግሞ ዋጋ ላይ ብቻ አይቆምም። በደቡብ ኦሞ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ባለ 4.2 ሊትሩ «ዋን ኤች ዜድ» ሞተር ጠንካራ ነው፤ ታይሚንግ ቤልቱ ግን በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ጌጁ 60 ሺህ ተቀንሶለት የተሸጠ እንደሆነ አዲሱ ባለቤት ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ይነዳል፤ ቤልቱ ማጎ ፓርክ መሐል ሲበጠስ ቫልቩና ፒስቶኑ ይጋጫሉ።

መካኒክ የማያየው ጉድለትም አለ። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በውስጣቸው ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀት፣ በእርጥበትና በዓመታት ብዛት ስለሚበላሽ፣ ሲፈነዱ ስብርባሪ ብረት ወደ ተሳፋሪው ይተኩሱ ነበር። በመኪና ታሪክ ትልቁ የጥገና ጥሪ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኪሳራውን አሳወቀ። ጥሪው ከነካቸው መኪኖች መካከል በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ቪትስና ኮሮላዎች ይገኙበታል፤ እኛ ዘንድ በብዛት የሚዞሩት የዚያ ዘመን መኪኖች ናቸው። ጥሪው የሚጣራው በሻንሲ ቁጥር ነው። ቆላ ለሚነዳ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ሦስተኛው ዓይነት ጉድለት ወረቀቱ ውስጥ ነው፤ ደቡብ ኦሞ ላይ ደግሞ ከሞተሩ ባልተናነሰ ያስለቅሳል። አስጎብኚ ድርጅቶች በኢንቨስትመንት ማበረታቻ መኪና ከቀረጥ ነጻ ሲያስገቡ ኖረዋል። እንዲህ የገባ ላንድክሩዘር መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ገዢው በውክልና ብቻ ገዝቶ፣ ስም ሳያዛውር፣ ሁለት ዓመት ቱሪስት አመላልሶ፣ ሊሸጥ ሲነሳ ነው ዕዳው የሚወጣለት። በባንክ ብድር የተያዘ ሊብሬ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት፣ ከሊብሬው ጋር የማይገጥም የሞተር ቁጥር፣ ሁሉም በዚሁ ወገን ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አሰልቺ ግን ነው። መኪናው ወደተመዘገበበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ፋይሉን ማስወጣት፣ እገዳ ካለ ማረጋገጥ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በነጋታው ሊመለስ የቸኮለ ሰው ይህን ቀን ይዘላል። ደላላውም አያስታውሰውም።

አሁን ሕጉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል። በአንቀጽ 2289 ጉድለት የሚባለውን ይዘረዝራል፤ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ሲጎድለው፣ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት ሳይሆን ሲቀር፣ ወይም በውል የተነገረለት ጠባይ ሲታጣበት። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ውሉ ላይ ባይጻፍም አለ። ሕጉ ለአዲስ ዕቃ ብቻ ነውም አላለም። በእርግጥ ሃያ ዓመት ከሠራ መኪና የሚጠበቀው ከአዲስ የሚጠበቀው አይደለም፤ ያለቀ የፍሬን ሸራ ጉድለት ነው ብሎ ዳኛ ፊት መቆም አያስኬድም። የተሰነጠቀ ቴስታታ ግን ሌላ ነው፤ መኪና ሆኖ ዳገት የማይወጣ መኪና ለተለመደው አገልግሎቱ አልሆነም።

በአንጻሩ ገዢው ሲዋዋል ያወቀውን ወይም ዓይን ላለው ሰው ግልጽ የሆነውን ጉድለት ሻጩ አይጠየቅበትም። ተዋዋዮቹ ዋስትናውን በስምምነት ማጥበብ፣ ማስቀረትም ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ስምምነት አያድነውም።

እዚህ ላይ ነው በየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ስም፣ ታርጋና ዋጋ ብቻ እየተቀየረበት የሚታተመውን የሽያጭ ውል ማንበብ የሚያስፈልገው። ውሉ ብዙ ጊዜ «ገዢ መኪናውን አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ይላል። ቀጥሎ ከዛሬ በፊት ለተፈጠረ ዕዳና እገዳ ሻጭ፣ ከዛሬ በኋላ ለሚመጣው ገዢ ኃላፊ ነው ይላል። ከዚያ ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው ገደብ ይገባል። መጨረሻው ላይ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889ና 2005 መሠረት የጸና ነው ተብሎ ይዘጋል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የማያውቅ ውል ጸሐፊ የለም። 2287ን ግን ውል ላይ ማየት ብርቅ ነው።

ቁጥሮቹ ለማሳመር የገቡ እንዳይመስላችሁ። 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። 1889 የገደቡን ገንዘብ ይመለከታል። 2005 ደግሞ የተጻፈ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ያዘው ስምምነት ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል፤ የተጻፈውን በሰው ምስክር ለማፍረስ መሞከር በዚህ ምክንያት አይሳካም። ደላላው መኪናው ጎን ቆሞ የተናገረውን አስቡት፦ «የሴት መኪና ናት፣ ሞተሯ ያልተነካ፣ ምንም አትፈልግም፣ ነድቶ መሄድ ብቻ!» ይህ ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው «አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ» ነው። በእኔ ንባብ ይህች ሐረግ የሚታየውን ጉድለት ብቻ ነው የምትሸፍነው፤ ሞተር ሳይበተን የማይታየውን ስንጥቅ ማንም «አየሁ» ሊል አይችልም። ሻጩ ግን በፍርድ ቤት ሰፋ አድርጎ ይተረጉማታል፤ ገዢውም ራሱ የፈረመበትን ቃል እያጠበበ ሲከራከር ይውላል። አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይለውጠው ነበር፦ «ሻጭ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ቴስታታው ያልተሰነጠቁና ያልተበየዱ መሆናቸውን፣ ጌጁ የሚያሳየው ኪሎ ሜትርም እውነተኛ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ በአንቀጽ 2287 መሠረትም ዋስ ነኝ።» ይህን ለመፈረም እምቢ ያለ ሻጭ በፈቃዱ ጥሩ ምርመራ አደረገልን ማለት ነው።

ቀብድም እንዲሁ ሰው ሳያስበው የሚገባበት ነው። በሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ከተወ ዕጥፉን ይመልሳል። መኪናው እንዳይሸጥበት ቀብድ ከፍሎ መካኒክ ፍለጋ የሄደ ሰው፣ መካኒኩ «ተወው» ቢለውም ገንዘቡ ተይዟል። «ገዢ ባቀረበው መካኒክ ተፈትሾ ሲያልፍ» የምትል ሐረግ በቀብዱ ወረቀት ላይ መግባት አለባት፤ ዋጋ አታስወጣም።

ጉድለቱ ከርክክብ በኋላ ሲገለጥ ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንቀጽ 2291 ገዢው ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር፣ 2292 ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛሉ። ከማስታወቂያው ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል፤ ሻጩ አታልሎ ከሆነ የሚለው ልዩ ሁኔታ እንዳለ ሆኖ። ቁልፉ «ሳይዘገይ» የሚለው ቃል ነው። የጂንካ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ግን ምንድን ነው? መኪናው ቀይ አፈር ዳገት ላይ ያፈላል። ውሃ እየጨመረ ጂንካ ያደርሰዋል። ሥራ ስለሚጠብቀው በማግሥቱ ጋራዥ ያስገባዋል፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ አርባ ምንጭ ተልኮ ይበየዳል ወይም ሌላ ይገዛል፣ አሮጌው ብረት እዚያው ግቢ ይጣላል። ሻጩን በስልክ ይቆጣዋል፤ ሻጩ «እሺ እናያለን» ይላል፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም። ከአራት ወር በኋላ ካምቢዮው ሲደግም ጠበቃ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ የተሰነጠቀው ቴስታታ የለም፣ ማስታወቂያም የለም፣ ያለው ቁጣ ብቻ ነው።

ጥገናው ሦስት ቀን ይቆይ። መካኒኩ ያየውን በጽሑፍ ይስጥ፣ ይፈርምበት፤ የሙቀት ጌጁ፣ የወረደው ቴስታታና የሻንሲ ቁጥሩ ባንድ ላይ ፎቶ ይነሱ። ለሻጩ ጉድለቱን ለይቶ የሚናገር ደብዳቤ በፖስታ ቤት በአደራ ይላክ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ፤ ያው ጽሑፍ በስልክ መልእክትም ይደገም። የወለቀው ብረት አይጣል። ይህን ያደረገ ሰው ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ፣ ካልሆነም ለደረሰበት ኪሳራ እንዲካስ መጠየቂያ መሬት አለው።

«አታልሎኛል» የሚለው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። አንቀጽ 1704 ተዋዋዩን በተንኮል ተግባር ባይታለል ኖሮ አይዋዋልም ነበር የሚያሰኝ ማታለል ሲኖር ውሉ እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ ጥያቄው በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገር ግን ሕጉ በተንኮል ተግባርና በተራ ውሸት መካከል ይለያል። ቀጣዩ አንቀጽ 1705 እንደሚለው ሐሰተኛ ቃል ብቻውን ውል የሚያፈርሰው በተዋዋዮቹ መካከል የተለየ መተማመን የሚፈጥር ግንኙነት ሲኖር ነው። ጌጅ መመለስ፣ የተሰነጠቀን በዱቄት መድፈን፣ ቁጥር ፍቆ መምታት ተግባር ናቸው። «ያልተነካች ናት» ግን ቃል ነው፤ የደላላ ቃል ደግሞ ማንም እንደ እምነት አይቆጥረውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለልን ይቀጣል፤ ሆኖም ገዢው ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» የሚለውን ነው፣ የፎርጅድ ሰነድ ወይም የተፋቀ ቁጥር ካልያዘ በቀር። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው።

የሸማቾች ጥበቃስ? የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ለቤተሰቡ መኪና ከመሸጫ ለገዛ ሰው ይህ ፈጣን መንገድ ነው። ግን አዋጁ የሚይዘው ነጋዴን እንጂ የግል ባለቤትን አይደለም። ሸማች የሚለውም ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። የጂንካ ሰው የሚገዛው መኪና ደግሞ ባብዛኛው እንጀራ ነው፤ ባጃጅ ነው፣ ቅጥቅጥ ነው፣ የአስጎብኚ መኪና ነው። ቁጠባውን ሁሉ ባንድ ባጃጅ ላይ ያፈሰሰ ወጣት ከማንም ሸማች በላይ ጥበቃ ያስፈልገው ነበር፤ አዋጁ ግን ለእሱ አልተሰፋም። ለእሱ የሚቀርለት 2287 ነው።

የት ይከሰሳል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ክስ ሳይወለድ ይገድለዋል። መሠረቱ ተከሳሹ የሚኖርበት ቦታ ነው፤ በውል ጉዳይ ግን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም መክሰስ ይቻላል። ሁለቱ ሰዎች በተለያየ ክልል ሲኖሩ ጉዳዩ የፌዴራል ይሆናል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው እንዲይዙ አድርጓል። ስለዚህ ውሉ አዲስ አበባ ተፈርሞ ርክክቡም እዚያው ካለቀ ገዢው ለያንዳንዱ ቀጠሮ 750 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ርክክቡና የመጨረሻው ክፍያ ጂንካ እንዲሆን የተጻፈ ውል ግን እዚሁ የመክሰስ መንገድ ይከፍታል። ሻጩ ሾፌር ቀጥሮ ለማምጣት ተጨማሪ ይጠይቃል። ይክፈሉት፤ ያ መንገድ በሻጩ ኃላፊነት ሲነዳ ዋጋው ርካሽ ነው። ከዋጋው ላይ ጥቂቱ ስም እስኪዛወር ተይዞ ቢቆይ ደግሞ ከየትኛውም ፍርድ የበለጠ ሻጩን ስልክ ያስነሳል።

ሻጭና ገዢ ሁለቱም የጂንካ ሰዎች ሲሆኑ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ባጃጅ የሸጠና የገዛ ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ናቸው። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ መካኒክ ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ የጥገናው ወጪ ለሁለት ይከፈላል። በሕግ ሚዛን ገዢው ከዚህ በላይ ሊገባው ይችላል። ቢሆንም የተከፋፈለው ወጪ በሳምንቱ እጁ ይገባል። የምነቅፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስምምነቱ በቃል ይቀራል፣ ሲደገም ሁሉም አዲስ ይሆናል። ሁለት መስመር ጽፎ መፈራረም የሽምግልናን ክብር አይነካም።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር በአብዛኛው የፈታው ከፍርድ ቤት በፊት ነው፣ መረጃን በግድ በማስወጣት። አሜሪካ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጋዴው ያገለገለ መኪና መስታወት ላይ ዋስትና መኖር አለመኖሩን የሚናገር ወረቀት እንዲለጥፍ ታስገድዳለች። እንግሊዝ በ2015ቱ ሕጓ ከነጋዴ የገዛ ሸማች ጉድለት ያለበትን መኪና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ትፈቅዳለች። የጃፓን ጨረታ ቤቶች ለያንዳንዱ መኪና ኪሎ ሜትሩን፣ ጭረቱንና ግጭቱን የሚያሳይ ወረቀት ያወጣሉ፤ ከጃፓን የገባ መኪና የሚሸጥ ሰው ይህን ወረቀት ቢጠየቅ ነውር የለውም። እኛ ዘንድ ለዚህ የቀረበው የቦሎ ምርመራ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 681 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። ምርመራው ፍሬንና መብራት ያያል፣ የተበየደ ቴስታታ አያይም፤ ቦሎ የተለጠፈበትን መኪና «መንግሥት ያየው ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው የማይገባውን ይናገራል።

የሚቀጥለው ክርክር ከሞተር ጋር አይደለም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ደቡብ መውረድ ሲጀምር ኮፋኖ መንካትም ማግኔትም ብዙ አይጠቅሙም፤ ዋጋው ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። ብዙ አምራቾች ባትሪው ለስምንት ዓመት ወይም ለ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ከመነሻ ዐቅሙ 70 በመቶውን እንደሚይዝ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በሌላ እጅ የመጣ መኪና ግን ዋስትናው አብሮት አይመጣም። አሁን አንድ ሰው ባትሪው ግማሽ የቀረውን መኪና ገዝቶ ኮንሶ ላይ ቢቆምበት፣ ያ «ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልግ ጠባይ» ጎድሎት ነው ወይስ ማርጀት? አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮና ቤት ለሚመላለስ ሰው ያው መኪና ምንም አልጎደለውም። 2289 ሁለተኛውን መንገድ ከፍቶታል፤ ልዩው አገልግሎት በውሉ ከተነገረ ጉድለቱ የሚለካው በዚያ ነው። ስለዚህ የጂንካ ገዢ ከመፈረሙ በፊት መኪናው የት እንደሚሠራ ያስጽፍ፤ በርክክቡ ዕለት የባትሪው ዐቅም በመሣሪያ ተለክቶ ያሳየው መቶኛም ከሻንሲ ቁጥሩ ጎን ይግባ።